ኪሳችን ውስጥ ያለው በር



ዛሬ ስለ ስልካችን እናወራለን። ስልክ ጊዜ ይበላል፣ ከቁርኣን ያዘናጋል የሚለውን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። የዛሬው ሌላ ነው፤ ስለ ገመና ነው።

በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዜና አውታር አንድ የምርመራ ዘገባ አወጣ። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘገባው የነካው ብዙዎቻችን የምናውቀውን "ሙስሊም ፕሮ" የተባለ አፕ ነው፤ የሶላት ሰዓት የሚናገር፣ አዛን የሚያሰማ፣ ቂብላ የሚያሳይ። ያኔ በዓለም ዙሪያ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። ዘገባው እንደሚለው አፑ ተጠቃሚዎቹ ያሉበትን ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይልክ ነበር። ኤክስ-ሞድ ደግሞ መረጃውን ከሚሸጥላቸው መካከል ለአሜሪካ ጦር በኮንትራት የሚሠሩ ድርጅቶች ነበሩበት፤ በእነሱም በኩል ወደ ጦሩ።

ነገሩን ቀስ ብላችሁ አስቡት። አንድ ወንድም ለሱብሒ ይነሳል። ውዱእ ያደርጋል። ያለው እንግዳ ከተማ ላይ ስለሆነ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ስልኩን ይከፍታል። ፊቱን ወደ ካዕባ ለማዞር ብሎ የሰጠው መረጃ ዞሮ ዞሮ ገበያ ላይ ይወጣል። ገዢው ማን እንደሆነ አያውቅም። ልሽጠው ወይ ብሎ የጠየቀውም የለም።

ሐቁን ለመናገር የአፑ ባለቤቶች በቀጥታ ለጦር ሸጠዋል መባሉን አስተባብለዋል፤ ከኤክስ-ሞድ ጋር የነበራቸውን ግንኙነትም አቋርጠናል ብለዋል። ወሬ ስንሰማ የተከሰሰውንም ቃል መስማት አደባችን ነውና ይህንን አብሬ ጻፍኩት። ጉዳዩ ግን የአንድ አፕ ብቻ አልነበረም። በጃንዋሪ 2021 ያው ማዘርቦርድ "ሶላት ፈርስት" የተባለ ሌላ የሶላት ሰዓት አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ፕሬዲሲዮ ለተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ሲልክ እንደነበር አጋለጠ። እሱም በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደ ነው።

ከዘገባው በኋላ አፕልና ጉግል አፕ ሠሪዎች ሁሉ የኤክስ-ሞድን ኮድ ከአፓቸው እንዲያወጡ አዘዙ። ኩባንያው ስሙን ወደ አውትሎጂክ ቀየረ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደግሞ የአምልኮና የሕክምና ቦታዎችን የመሳሰሉ፣ የሰውን ገመና የሚያወጡ የመገኛ መረጃዎችን እንዳይሸጥ ከለከለው። ክልከላው የመጣው በጃንዋሪ 2024 ነው። ከዘገባው ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? ነፃ አፕ የሚሠራ ሰው ገቢ ከአንድ ቦታ ማግኘት አለበት። አንዱ መንገድ ሁላችንም የምናየው ማስታወቂያ ነው። ሌላው ድምፅ የለውም። የመረጃ ነጋዴ ወደ አፕ ሠሪው ይመጣና "ይህችን ትንሽ ኮድ አፕህ ውስጥ አስገባት፣ በተጠቃሚህ ብዛት እከፍልሃለሁ" ይለዋል። ኮዷ ከአዛኑና ከቂብላው ጀርባ ተቀምጣ ስልኩ ያለበትን ቦታና ሰዓቱን እየመዘገበች ትልካለች። እናንተ "አላው" የሚለውን የተጫናችሁት ለሶላት ሰዓት ብላችሁ ነው፤ የገቡት ግን ሁለት እንግዶች ናቸው። አንዱ አንኳኩቷል፣ ሌላው ከኋላው ተከትሎ ገብቷል።

"ስሜ እኮ የለበትም" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለበትም፤ ያለው የስልኩ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ነው። ግን ሌሊት አንድ ቤት የሚያድር፣ ጠዋት አንድ ግቢ የሚገባ፣ ጁሙዓ ጁሙዓ አንድ መስጂድ የሚውል ስልክ ስም ያስፈልገዋል? በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ፣ ከ100 ሰዎች 95ቱን ከሌላው ሁሉ ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ እንደሚበቁ አሳይቷል። አራት! እኛ በቀን አምስት ሶላት ነው የምንሰግደው።

ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። "ምን የምደብቀው ነገር አለኝ? ከፈለጉ ይዩት።" ይህንን አባባል በቁም ነገር ልንመለከተው ይገባል፤ ምክንያቱም ከየዋህነት የመጣ ነው፣ የሚናገረውም ብዙውን ጊዜ ጥሩ ልጅ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም ከሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲስ አለ። አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፍል ቀዳዳ አጮልቆ ወደ ውስጥ አየ። እሳቸው ማበጠሪያ መሰል ነገር ይዘው ራሳቸውን እያከኩ ነበር። ሰውየው እያያቸው መሆኑን አውቀው ቢሆን ኖሮ በያዙት ነገር ዓይኑን ይወጉት እንደነበር ነገሩት። ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገውም ለዓይን ሲባል መሆኑን አስረዱት። ያ እዝነታቸው የሚታወቅ ነቢይ፣ መስጂድ ውስጥ የሸናውን ገጠሬ እንኳ በለዘብታ ያስተማሩ ነቢይ፣ እዚህ ላይ እንዲህ ጠንከር ብለው ተናገሩ።

ልብ በሉ፣ ምን እያደረጉ ነበር? ራሳቸውን እያከኩ ነበር። የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ነውር የለበትም፣ ሚስጥር የለበትም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ የሚያደርገው ነው። ደግሞም በምድር ላይ እንደ እሳቸው ሕይወቱ ለሰው ሁሉ የታወቀ ሰው የለም። አበላላቸውን፣ አተኛኘታቸውን፣ ከባለቤቶቻቸው ጋር እንዴት እንደነበሩ እናውቃለን። ይህንን ያወቅነው ግን እሳቸውና ቤተሰቦቻቸው ወደውና ፈቅደው ስላስተማሩን ነው። በቀዳዳ አይተን አይደለም።

ስለዚህ ገመና ጥፋት ያለበት ሰው መሸሸጊያ ነው የሚለው ሐሳብ ከኛ ዲን የመጣ አይደለም። የቤትህ ደጃፍ ሐቅህ ነው፤ ውስጥ የምትሠራው ዒባዳም ይሁን ቡና ማፍላት። ሰውየው የተወቀሰው ያየው ነገር መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሳይፈቀድለት ስላየ ነው።

ሱረቱ-ን-ኑርን ያነበበ ሰው ይህንን ያውቀዋል። አላህ (ሱ.ወ.) የራሳችን ወዳልሆነ ቤት ሳናስፈቅድና ለባለቤቶቹ ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ አዝዟል፤ ተመለሱ ከተባልን ደግሞ መመለስ ነው፣ ማኩረፍ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ቤት ሲሄዱ ከበሩ ፊት ለፊት አይቆሙም ነበር፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ገለል ይላሉ። ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ያልተመለሰለት ሰው ይመለሳል። ከዚያም ሱራው ወደ ውስጥ ይዘልቅና በ58ኛው አንቀጽ ስለ ገዛ ቤታችን ሰዎች ይናገራል። ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆችና አገልጋዮች እንኳ በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ መግባት የለባቸውም፦ ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ በሚወልቅበት ሰዓት እና ከዒሻ ሶላት በኋላ። ሦስት የገመና ጊዜያት።

ታዲያ በነዚህ ሦስት ጊዜያት ስልካችን የት ነው? ለሱብሒ የሚቀሰቅሰን እሱ ነው። ቀትር ላይ ጋደም ስንል ደረታችን ላይ ነው። ከዒሻ በኋላ ዓይናችን እስኪከደን የምናየው እሱን ነው፤ ከዚያም ትራሳችን ሥር ያድራል። ለገዛ ልጃችን ያልተፈቀደው ሰዓት ላይ ማይክራፎን፣ ካሜራና የቦታ መጠቆሚያ ያለው ነገር አጠገባችን ተኝቷል። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ይህንን ጽሑፍ የምታነቡትም በእሱ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ እንደገባ ሰው ቆጥረን ማን ይዞት እንደመጣ፣ ማንን አስከትሎ እንደገባ ጠይቀን እናውቃለን?

ወደ ሱረቱል ሑጁራት እንሂድ። 12ኛው አንቀጽ ሦስት ነገሮችን በተርታ ይከለክላል። ብዙውን ጥርጣሬ መራቅ፣ መሰለል (ተጀሱስ)፣ ከዚያም ሐሜት። ቅደም ተከተሉን አስተውሉት። ሰው መጀመሪያ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው አላስቀምጥ ሲለው ይሰልላል። ያገኘውን ደግሞ ይዞ ዝም አይልም፣ ያወራል። በጎረቤት ደረጃ የምናውቀው ነገር በመንግሥትና በኩባንያ ደረጃም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ኒው ዮርክን ውሰዱ። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የከተማዋ ፖሊስ ሙስሊሞችን ብቻ የሚከታተል ክፍል አቋቋመ፤ ዴሞግራፊክስ ዩኒት ይባል ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ በ2011 አጋለጠው፤ ጋዜጠኞቹም በ2012 የፑሊትዘር ሽልማት አገኙበት። ሰላዮች በመስጂዶች ይቀመጣሉ፣ ኹጥባ ይመዘግባሉ፣ ሙስሊሞች የሚያዘወትሯቸውን ካፌዎችና መጻሕፍት ቤቶች ይዘረዝራሉ። ከሁሉ የገረመኝ የተማሪዎቹ ነገር ነው። በ2008 የሲቲ ኮሌጅ ሙስሊም ተማሪዎች በጀልባ ወንዝ ላይ ለመዝናናት ሲሄዱ አንድ ስውር ፖሊስ አብሯቸው ሄደ። በሪፖርቱም ልጆቹ በቀን ስንት ጊዜ እንደሰገዱ ጻፈ። ወንጀላቸው ምን ነበር? ምንም። በ2012 አንድ የፖሊስ ኃላፊ በመሐላ ሲጠየቅ፣ ከስድስት ዓመት በላይ ከዚያ ክፍል ሥራ አንድም የሽብር ምርመራ የሚያስከፍት ፍንጭ እንዳልተገኘ መሰከረ። ክፍሉ በ2014 ተዘጋ።

ክፍሉ ቢዘጋም ያደረሰው ጉዳት አብሮት አልተዘጋም። በ2013 የሕግ ባለሙያዎችና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ባወጡት ዘገባ ላይ፣ ሰው መስጂድ ውስጥ መናገር እንደፈራ፣ አዲስ ፊት ሲያይ "ሰላይ ይሆን?" ማለት እንደጀመረ ተጽፏል። አዲስ የሰለመ ወንድም ሲመጣ ሰላም ብሎ ማቀፍ ቀርቶ መጠርጠር! ከውጭ የመጣው ጥርጣሬ ጀማዓው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሙዓዊያ (ረ.ዐ.) የሰዎችን ገመና የሚከታተል ሰው እንደሚያበላሻቸው፣ ወይም ለማበላሸት እንደሚቃረብ ነግረውታል። ሙዓዊያ ደግሞ ኋላ ላይ መሪ የሆነ ሰው ነው።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ያኔ አንድ ተማሪ ስንት ጊዜ እንደሰገደ ለማወቅ ሰላይ ወንዝ ድረስ አብሮ መሄድ ነበረበት፤ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ጀልባ ይቀዝፋል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ዛሬ የዚያን ዓይነት መረጃ ተማሪው ራሱ በኪሱ ይዞት ይዞራል፣ ነጋዴም ይሸጠዋል። ስለላ ረከሰ። የረከሰ ነገር ደግሞ በተጠረጠረ ሰው ላይ ብቻ አይውልም፤ በሁሉም ላይ ይውላል።

ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት የቻይናዋን ሺንጂያንግ ማየት ይበቃል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሜይ 2019 የአካባቢው ፖሊስ የሚጠቀምበትን አንድ አፕ ውስጡን ፈትሾ አሳየ። ሥርዓቱ አጠራጣሪ ብሎ ከሚመዘግባቸው ነገሮች መካከል ከጎረቤት ጋር አለመቀራረብ፣ የፊት በርን ትቶ በጓሮ መውጣት፣ ከተለመደው በላይ ኤሌክትሪክ መጠቀም፣ ለመስጂድ ገንዘብ ወይም ቁሳቁስ በትጋት ማሰባሰብ ይገኙበታል። የገዛ ቤቱን የጓሮ በር!

የኛ ሊቃውንት ይህንን በር ቀድመው ዘግተውት ነበር። ኢማም አል-ገዛሊ በጎ ነገር ስለማዘዝና ከመጥፎ ስለመከልከል በጻፉበት ቦታ፣ ጥፋትን የማስቆም ኃላፊነት ያለበት ሰው እንኳ የሙዚቃ ድምፅ ይሰማ እንደሁ ብሎ በሰው ደጅ ጆሮውን እንዳይጥል፣ የመጠጥ ሽታ ለማግኘት እንዳያነፈንፍ ያሳስባሉ። መጥፎው ነገር በእርግጥ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም ግድግዳው ይከበራል።

"ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው" እንዳትሉ። በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ፣ ሀኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ እንደተሞከረ ዘግቧል፤ ፋይል መስሎ በስካይፕ ነበር የተላከላቸው። ዐረብ አገር ላሉት እህት ወንድሞቻችን ደግሞ የቶቶክ ነገር አለ። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትስአፕ መደወል ስለተዘጋ ሰው የሚደውልበት ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ቶቶክ በነፃ ያስደውል ነበርና ብዙ ሰው ወደደው። በዲሴምበር 2019 ኒው ዮርክ ታይምስ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ጠቅሶ አፑ የኤምሬትስ መንግሥት የስለላ መሣሪያ ነው ሲል ዘገበ። ባለቤቶቹ አስተባበሉ፤ አፕልና ጉግል ግን ከመደብራቸው አወረዱት። ከእናቷ ጋር ለማውራት ብላ አፕ የምትጭን እህት ምን ምርጫ አላት? እሷን "ለምን አልተጠነቀቅሽም" ማለት ግፍ ነው።

አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣል። "አላህ ሁሉን ያያል አይደል? ታዲያ ሰው ቢያየን ምን ይጨንቀናል?" አላህ ያያል። ግን እንዴት እንደሚያይ ደግሞ ነግሮናል። አቡ ዳውድና ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ አላህ ሸፋኝ እንደሆነ፣ መሸፈንንም እንደሚወድ ተነግሯል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ደግሞ አስታውሱ፤ በቂያማ ቀን አላህ ሙእሚኑን አቅርቦ፣ ከሰው ሸፍኖ ኃጢአቱን ያሳምነዋል፣ በዱንያ እንደሸፈነለት ይነግረዋል፣ ይምረዋልም። ሁሉን የሚያየው ጌታ አይቶ ይሸፍናል። ነጋዴው ያያል፣ ያከማቻል፣ ይሸጣል። አንተ የተውበትከውን ነገር አላህ ይሰርዘዋል፤ ሰርቨር ላይ ያለው ግን ይቆያል። ሁለቱን መመልከቶች አንድ ማድረግ አይቻልም።

እስካሁን ስለ ሌሎች ተናገርኩ። የሚከብደው ክፍል ስለኛ ነው።

ስልካችሁን ክፈቱና ውስጡ ያለው የማን እንደሆነ ቁጠሩ። የእናንተ የሆነው ትንሹ ነው። የእናታችሁ ቁጥር አለ። ሒጃቧን አውልቃ ከእህቶቿ ጋር ስትስቅ የተነሳች የአክስታችሁ ልጅ ፎቶ አለ። የጓደኛችሁ የድምፅ መልእክት አለ፤ ሌሊት ላይ ሲጨንቀው የላከላችሁ። የአንድ የታመመ ሰው የሕክምና ወረቀት አለ፤ ገንዘብ እንድታሰባስቡለት የላከው። ይህ ሁሉ አማና ነው። አንድ አፕ "ኮንታክትህን ልይ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ እየጠየቃችሁ ያለው የእናንተን ብቻ አይደለም፤ የሦስትና የአራት መቶ ሰዎችን ስምና ቁጥር ነው። አንዳቸውም አልተጠየቁም። የደዋይን ስም ከሚያሳዩ አፖች አንዳንዶቹ የተገነቡት እንዲህ ነው፤ ከሰዎች የስልክ መዝገብ ተለቅሞ። እናንተ ቁጥሩን "እከሌ ባለዕዳ" ብላችሁ መዝግባችሁት ከሆነ፣ ያንን ስም የማያውቁት ሰው ሊያየው ይችላል።

"የምደብቀው የለኝም" የሚለው አባባል ትልቁ ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው። ለራስህ ልትል ትችል ይሆናል። ለእናትህ ግን ማን ወከለህ?

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ነገር ሲያወራ ግራና ቀኙን ዞር ብሎ ካየ ያ ንግግር አማና ነው ተብሏል። "ለማንም አትንገር" እንኳ አላለም። ዞር ብሎ ማየቱ ብቻ በቂ ሆነ። ዛሬ በጽሑፍ ስናወራ ዞር ብሎ ማየት የለም፤ ግን አንዲት እህት በግል ስትጽፍላችሁ፣ ጽፋ ስትደልት፣ መልሳ ስትጽፍ፣ ያ ምን ይባላል? እሱን ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍስ? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እየጠሉ የሚያወሩትን ሰዎች ወሬ ጆሮ ጥሎ ለሚያዳምጥ ሰው በቂያማ ቀን ጆሮው ውስጥ የቀለጠ እርሳስ እንደሚፈስ ተነግሯል። ሐሰተኛ አካውንት ከፍቶ የቀድሞ እጮኛን ስቶሪ የሚከታተል ሰው፣ ባለቤቱ ስትተኛ በጣቷ ስልኳን ከፍቶ የሚያነብ ሰው፣ ይህንን ሐዲስ ሌላ ሰው ላይ ብቻ ሊያነበው አይችልም።

የኒካሕና የሰርግ ፕሮግራሞቻችንን ነገርማ ሳልናገር አላልፍም። የሴቶች አዳራሽ ለብቻ የሚሆነው እህቶች ተሸላልመው፣ ዘና ብለው እንዲደሰቱ ነው። አሁን በር ላይ የምትቆም እናት ወንድ እንዳይገባ ትጠብቃለች፣ ውስጥ ደግሞ ሃያ ስልክ ቲክቶክ ላይ ይለቃል። ወንዱ በበሩ አልገባም፤ በስልኩ ገባ። አንዳንድ ቤተሰቦች መግቢያው ላይ ስልክ በቅርጫት መሰብሰብ ጀምረዋል፤ መጀመሪያ ሰው ያጉረመርማል፣ ኋላ ግን ሴቶቹ ራሳቸው ያመሰግናሉ። እኔ ይህንን በጣም ወድጄዋለሁ።

በሕግ በኩል አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕግ የምታጠኑ ወጣቶች ብታነቡትና በቀላል አማርኛ ብታስረዱን ትልቅ ኸይር ሥራ ነው።

እስከዚያው ዛሬ ከጁሙዓ መልስ አሥር ደቂቃ ውሰዱ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሎኬሽን የሚለውን ክፈቱ፤ የትኞቹ አፖች "ሁልጊዜ" የሚል ፈቃድ እንዳላቸው ታያላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ መገረማችሁ አይቀርም። "አፑን ስጠቀም ብቻ" ወደሚለው ቀይሩት፤ ትክክለኛውን ቦታ ሳይሆን ግምቱን ብቻ መስጠት የሚቻልበት ስልክ ከሆነ እሱን ምረጡ። የሶላት ሰዓት አፕ ያላችሁበትን ቤት ማወቅ አያስፈልገውም፤ ከተማችሁን በእጅ መጻፍ ይበቃል። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ለማለፍ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ ጅማ ላይ ዝሁር ከአዲስ አበባ የሚዘገየው በ8 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሐረር ደግሞ በ13 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። በአንድ ከተማ ውስጥ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ቂብላም ቢሆን ቦታውን አይቀይርም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነው፣ በጣም ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ። አንዴ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉና ጨርሱት፤ አያቶቻችን ያለ አፕ ሰግደዋል።

አይፎን የያዛችሁ ፕራይቬሲ ውስጥ ትራኪንግ የሚለውን ፈልጋችሁ አጥፉት፤ ከ2021 ጀምሮ አፖች ሳይጠይቁ በሌሎች አፖች ውስጥ እንዳይከታተሏችሁ የሚያደርግ ነው። አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ያላችሁ ደግሞ የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ከነጭራሹ መሰረዝ ትችላላችሁ። ኮንታክት፣ ማይክራፎን፣ ካሜራ የሚሉትንም አንድ በአንድ እዩ፤ የፋኖስ መብራት አፕ የእናታችሁ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ከረመዳን በፊት ጭናችሁት የረሳችሁት ካለም አስወግዱት። ይህ ሁሉ መንግሥታት የሚገዙትን ከባድ የስለላ ሶፍትዌር አያቆምም፤ የቴሌ አንቴናም ስልካችሁ የት አካባቢ እንዳለ ያውቃል። ከኋላ ተከትሎ የሚገባውን ነጋዴ ግን ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ ይመልሰዋል።

የራሳችሁን ስትጨርሱ የእናታችሁን ስልክ አስተካክሉላት፤ ብዙውን ጊዜ የጫንነው እኛው ነን፣ ሁሉንም "አላው" ብለን። በቅድሚያ ግን "እማ፣ ልንካው?" ብላችሁ አስፈቅዷት። ሴቲንጉን እዚያው አጠገቧ ተቀምጣችሁ ቀይሩት፤ ፎቶዎቿንና መልእክቶቿን አትክፈቱ።